የብርጭቆ ጋኖቹን መልሰው ይውሰዱልን

ኅዳር ፩ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለክቡር ግራዝማች እንዳላማው፤
የሰፈራችን ሹም፣ በጣልያን አለቆች ዘንድ ባለሟል፣ የብርጭቆ ጋን አዳይ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ወይዘሮ ዘሪቱስ ደህና ናቸው? በቅሎዎ፣ አዲሱ ካባዎ፣ ከምሽጉ የተሰጠዎት ባርኔጣ ሁሉም በያሉበት ደህና ናቸው? እኛ የሰፈርዎ ሰዎች፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ከሆዳችን በቀር ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ ደምለው ነኝ፤ በገበያው ዳር ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ መጻፍ ለማይችል ሰው አቤቱታ የምጽፈው፣ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበራችንም ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ሆኜ በየወሩ ዳቦውን የማስቆርሰው ያው ደምለው። ክቡርነትዎ በደንብ ያውቁኛል። በነሐሴ ጋኖቹን ሲያድሉን በሰፈሩ ስም የምስጋና ቃል ያሰማሁት እኔ ነበርኩ፤ «ለድሃ አሳቢ፣ ለጨለማ ብርሃን» እያልኩ ያወረድኩትን ውዳሴ ዛሬ ሳስበው ፊቴን የምሸፍንበት ጋቢ ያጥረኛል። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስድብ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ያለኝን ሁሉ በራሴ ላይ ጨርሼዋለሁና አያገኝም።

ቀደም ሲል አንድ ደብዳቤ አሽጌ በአሽከርዎ እጅ ልኬ ነበር። መልስ ስላልመጣ፣ ምናልባት መክፈቱ አድካሚ ሆኖብዎት ይሆናል ብዬ ይህኛውን ሳላሽግ በደብሩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ፊደል ያልቆጠረም ሰው እንዳይቀርበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቆሜ አነበዋለሁ። ይህን ማድረጌ ድካምዎን ለመቀነስ ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ ኖሮኝ አይደለም። እንደ ደንቡ በየደብዳቤው ራስ ላይ የሚጻፈውን የመንግሥት ውዳሴም እንደተጻፈ ቆጥረው ይለፉልኝ፤ ወረቀት ተወዷል።

፩ኛ። ለስጦታው እናመሰግናለን። ነገሩ ላልደረሰው አንባቢ ግን ከሥሩ ልንገር። በምሽጉ ውስጥ መብራት የሚሰጥ ሞተር አለ፤ ሞተሩ ሲጠፋ መብራቱ አብሮት እንዳይጠፋ ኃይሉን የሚያጠራቅሙበት ባትሪ የሚሉት ዕቃ አላቸው። ባትሪው ማለት አፉ ሰፊ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ትልቅ የብርጭቆ ጋን ነው፤ በሆዱ ጠፍጣፋ እርሳስ ይደረደርበትና የሚያቃጥል ውሃ ይሞላበታል። በክረምቱ ይህ ሁሉ አርጅቶ አልሠራም አለ፣ አዲስ በካሚዮን መጣ፣ አሮጌውን አርቀው እንዲያስቀብሩ ክቡርነትዎ ታዘዙ። ለቁፋሮ በግዳጅ ከተያዙት የሰፈራችን ሰዎች አንዱ ገበሬው ፈንታ ነበር። የሞተሩ ፈረንጅ አማርኛ ስለሌለው ለእነ ፈንታ በእጁ አሳያቸው፦ ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ይለፍ፣ ከምንጭ ይራቅ፤ ከዚያም አፍንጫውን ያዘ፣ የተላጠ መዳፉን ዘረጋ፣ መጨረሻ ላይ አንገቱን ወደ ትከሻው ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ፈንታ የዋህ ነው፤ ሰውዬው ደክሞኛል ማለቱ መሰለው። ክቡርነትዎ ግን ጣልያንኛ ያውቃሉ። ፈረንጁ ያንኑ በአፉ ሲነግርዎት ራስዎን እየነቀነቁ «ሲ፣ ሲ»፣ ማለትም አዎ አዎ፣ ይሉ እንደነበር ፈንታ በጆሮው ሰምቷል።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ አለቀ። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ጋኖቹን ቢያዩ አንጀትዎ አልችል አለ፤ «ይህን የመሰለ ብርጭቆ አፈር ሊበላው ነው?» ብለው ጉድጓዱን ባዶውን አስደፈኑት። ፈረንጁ መጥቶ ጉብታውን አየ፣ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው፣ ደስ ብሎት ሄደ። ጉድጓድ ራሱ ሲቀበር ያየ ሰፈር ከእኛ ሌላ የሚኖር አይመስለኝም። የሚያቃጥለው ውሃና እርሳሱ፣ አብሮ እንዲቀበር የተሰጠው ድምፁ የጠፋ ራዲዮ፣ የተቃጠለው አምፖል፣ የሽቦው ጥቅል ሁሉ ከምንጫችን በላይ ባለው ሸለቆ ተደፋ፤ ጋኖቹ በውሃ ለቅለቅ ተደረጉና ለየቤቱ ታደሉ።

ደግሞ አስተዳደልዎ! ከበሮ አስመትተው፣ በቅሎዎ ላይ እንደተቀመጡ፣ «መንግሥት አስቦላችሁ ነው» እያሉ ነበር። ለአንዱ ሰጥተው ለሌላው አልነሡም፤ ለራስዎ ቤት አንድ እንኳ ሳያስቀሩ ሁሉንም ለእኛ ለቀቁልን። ይህን ለጋስነትዎን አልረሳሁትም፤ ስጨርስ እመለስበታለሁ። ሹመቱን ከተቀበሉ ወዲህ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ግማሽ ብቻ እየተነሣ ያበሳጭዎት እንደነበር አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ሁላችንም ብድግ አልን፣ ጉልበት እየሳምን ተቀበልን፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። ሚስቴ ጥሩነሽ ጢም ያለው ሰው እልል ሲል አይታ ብዙ ቀን ስትስቅብኝ ከረመች፤ አሁን ሳቁ ቀርቷል።

፪ኛ። ሁለተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በግራዋ ቅጠል ላይ ነው። ጋን ሊጠመቅበት ሲል በግራዋ ይፈተጋል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ከእናቶቻችን የወረስነው ይህን ነው። የሸክላ ጋን እንዲህ ከተደረገ በኋላ ክፉ ነገር አይቀርበትም። ሴቶቻችንም የብርጭቆውን ጋን እንደ ሸክላው ፈተጉት፣ እንደ ሸክላው አጠኑት። ብርጭቆ ጭስ እንደማይጠጣ፣ በማዕዘኑ ሥር የተጋገረው ቡናማ ጭቃም በቅጠል እንደማይለቅ ማን ይንገራቸው? ሊነግራቸው የሚችለው ሰው እልልታ ይሰማ ነበር። ጠላ በጋን ውስጥ ሲፈላ ከውጭ ማየት ደግሞ ለእነሱ ጉድ ነበር፤ አረፋው ሽቅብ ቁልቁል ሲል ጎረቤት እየተጠራራ ይመለከት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጋኑ ከጓዳ ወጥቶ መደብ ላይ እንዲቀመጥ የደነገገ ማንም ሳይኖር በየቤቱ ወጥቶ ተቀመጠ።

፫ኛ። በመስከረም ሚካኤል ተራው የእትዬ ወለተ ሰንበት ነበር። እትዬ ወለተ ሰንበት ባላቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ፈትለው የሚያድሩ፣ ከማንም ጋር ክፉ ቃል የማይለዋወጡ፣ ማኅበሩን ለማብላት ተራቸውን ዓመት ሙሉ የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ዳቦውን ጋገሩ፣ ቤቱን በእበት ለቀለቁ፣ ቄጠማ ጎዘጎዙ፣ የእርስዎንም ጋን መደቡ ላይ አስቀመጡት። ጸሎት አድርሰን ጽዋው ዞረ። ጠላው ጣፈጠ። ክቡርነትዎ፣ እንደዚያ ያለ ጠላ ቀምሼ አላውቅም፤ ሲቀምሱት ትንሽ ይኮመጥጥና ወዲያው ምላስ ላይ የማር ያህል ይተኛል። «እትዬ፣ ማር ጨመሩበት እንዴ?» አልናቸው። እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ «ኧረ ብቅልና ጌሾ ነው፤ የሚካኤል በረከት ይሆናል እንጂ» አሉ። ከሁላችን ደስ ያላቸው የማኅበራችን አንጋፋ አያ ወልደ ሚካኤል ነበሩ፤ በእርጅናቸው ምግብ ስላስጠላቸው ጠላውን ደጋግመው አስቀዱ። «ዛሬ ገና አፌ ተከፈተ» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል።

በማግስቱ ማኅበርተኛው በሙሉ ሆዱን ይዞ ተኛ። እንደ ገመድ የሚያጠብቅ ሕመም ነው፤ መቀመጥም መተኛትም አያስችል፣ አፍ ውስጥ ደግሞ ሳንቲም የጎረሱ ይመስል ብረት ብረት ይላል። ሌሎቻችን እየቆየ ሲለቀን አያ ወልደ ሚካኤል አልተነሡም። ቀበርናቸው።

ክቡርነትዎ በቀብሩ ላይ ተገኝተው ነበር፤ ስለ አክብሮትዎ እናመሰግናለን። ሰው ግራ ገብቶት ቆሞ ሳለ አንዱ ቀርቦ፣ ምን ነክቷቸው ይሆን ብሎ ጠየቀዎት። ጋኑ ምን ይዞ እንደነበር በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። እርስዎም ካባዎን ሰብሰብ አድርገው፣ «ጠላው ላይ ምን እንደጨመረችበት ሴትዮዋ ታውቃለች» አሉ። ከዚያ በቅሎዎ መጣችልዎት።

ያች ቃል ወደ ሰፈር የገባችው ከእርስዎ በቅሎ ቀድማ ነው። በልቅሶው ቤት እትዬ ወለተ ሰንበት ንፍሮ ቀቅለው በሰፌድ ይዘው መጡ። ሰፌዱ መካከል ላይ ተቀመጠ። ማንም እጁን አልዘረጋም። የሌላው ቤት ንፍሮ ሁሉ ሲበላ የእሳቸው እንደ ተሸፈነ ዋለ፤ ሲመሽም ራሳቸው ጎንበስ ብለው አንሥተው ይዘውት ሄዱ፤ ሲወጡም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉን። እኔ ከሰፌዱ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ርቦኝም ነበር። አልበላሁም።

በጥቅምት ሚካኤልም መጡ፤ ማኅበርተኛ ናቸውና። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው (ስሙን አልጽፍም፣ እሑድ ሲነበብ ራሱን ያውቃል) በእሳቸው በኩል አሻግሮ ለሚቀጥለው ሰጠው። በማኅበር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሙሴው እኔ ነበርኩ። ቁሙ፣ ጽዋው ይመለስ ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው ክቡር ግራዝማች፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እትዬ ወለተ ሰንበት ተነሥተው፣ መሬቱን ስመው፣ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ ሲወስደኝ እንኳ ያ የጉሮሮ ድምፅ ከጆሮዬ አይጠፋም።

፬ኛ። አራተኛው የእኛ ነው፤ እርስዎን አይመለከትምና ሲነበብ ካሻዎት ጆሮዎን ይያዙ። ታመው የነበሩት የእትዬ ወለተ ሰንበት እንግዶች ብቻ አልነበሩም። ጋን በገባበት ቤት ሁሉ ሆድ ሲጠብቅ፣ ሲያስመልስ፣ ፊት እንደ ገለባ ሲገረጣ ከርሟል። የእኔዋ ጥሩነሽ ተጣጥፋ ስትሰቃይ ሰንብታለች። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣናት፤ በሩን ዘጋን፤ ሰው ሲጠይቅ «ገበያ ሄዳለች» አልን። ለምን ይመስልዎታል? እሷንም እንደ እትዬ ወለተ ሰንበት እንዳይሏት ፈርተን ነዋ! ሌላውም ቤት እንዲሁ። ሁሉም የራሱን በሽተኛ ጓዳ ደብቆ፣ ውጭ ወጥቶ በአንዲት ባልቴት ላይ ራሱን ይነቀንቃል። የእሳቸው ጥፋት ምንድን ነው ቢባል፣ ጋኑ የከፋው በማኅበር ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት መሆኑ ነው። እግዚኦ! ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ቀን ተነጋግሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ተፋፍረን ዝም አልን። ማፈር እንዲህም ያደርጋል ለካ።

፭ኛ። የፈንታ በሬ። ከጥንዶቹ ግራ የሚጠመደው ጥቁሩ በሬ ሸለቆው ውስጥ ወርዶ ያንን እርሳስ ሲልስ ተገኘ። ለከብትም ይጣፍጠዋል መሰለኝ፣ ከዚያ ቢያባርሩት ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ጠፋ፣ አረፋ እየደፈቀ ክብ ሲዞር ውሎ ወደቀ። ፈንታ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሳለ ሄድኩና «አይዞህ» ስለው ቀና ብሎ፣ «ደምለው፣ ፈረንጁ ደክሞኛል ማለቱ አልነበረም» አለኝ። ከዚያ የጉድጓዱን ነገር፣ የእጁን ምልክት፣ የእርስዎን «ሲ፣ ሲ» አንድ ባንድ ነገረኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለምን ዝም አልክ ብዬ ልቆጣው አፌን ከፍቼ ጉሮሮዬ ትዝ ቢለኝ ዘጋሁት።

ወዲያው ወደ እትዬ ወለተ ሰንበት ሮጥኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ጋኑ ነው የመረዘን፣ እርስዎ ንጹሕ ነዎት አልኳቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝና፣ «ያላጠብኩት እኔ ነኝ ልጄ። ሹሙ በእጃቸው በሰጡኝ ጋን ላይ ጥፋቴን አታላክክ፤ እሳቸው እኮ በቀብሩ ላይ ተናግረዋል» አሉኝ። የእኔ ቃል ከእርስዎ ቃል ፊት ምን ይቆማል? የእኔ አፍ እኮ እልል ያለ አፍ ነው። ንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ቀኖና ተቀብለዋል፤ ሰው የገደለ ሰው የሚቀበለውን። አሁን ቤታቸውን ለቀው መርጡለ ማርያም ሄደው ሊመነኩሱ፣ በማያውቃቸው ሰው መካከል ሊሞቱ ጓዛቸውን እየቋጠሩ ነው። ኅዳር ሚካኤልን እዚህ አላይም ብለዋል። ምናኔ ቅዱስ ነው፤ ግን ያልሠሩትን ኃጢአት ተሸክመው ተራራ የሚወጡ ሴት ሳይ እኔ የት ልግባ?

፮ኛ። ስለ ኅዳር ሚካኤል ካነሣሁ አይቀር። ከዚያ ከክፉው የኅዳር በሽታ ወዲህ በዚህ ቀን ሰው ሁሉ የየደጁን ጥራጊ ሰብስቦ እንደሚያቃጥል፣ ጭሱም በሽታን እንደሚያርቅ ያውቃሉ። ዘንድሮ በሽታው ስለበዛ የሰፈሩ ሰዎች መክረው ጥራጊያቸውን ብቻ ሳይሆን ሸለቆው ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ እርሳሱንም ራዲዮውንም የሽቦውን ልባስም አውጥተው ሊያቃጥሉት ተዘጋጅተዋል። በጭሱ ውስጥም እንደ ልማዳችን በሽተኛውን ሁሉ አቅርበው ሊያጥኑት ነው። ፈንታ ግን ፈረንጁ አፍንጫውን ይዞ እንዳሳያቸው ያስታውሳል፤ ሽታውና ጭሱም ይጎዳል ማለቱ ይሆን? ክቡርነትዎ፣ እኛ ስለ እነዚህ ዕቃዎች ምንም አናውቅም፤ አለማወቃችን ራሱ አያሳፍረንም፤ የሚያሳፍረን የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ተቀምጦ ሳለ አለመጠየቃችን ነው። ይቃጠል? ይቀበር? ውሃ ይነካው? በብርጭቆው ጋን የእህል ዘር እንኳ ማስቀመጥ ይቻላል? አንድ ቃል ይንገሩን።

ልመናዬ አጭር ነው። በሚመጣው ሳምንት እሑድ፣ ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ በር ቆመው ለሕዝቡ አንዲት ነገር ይበሉልን፦ «ጋኖቹ የባትሪ ጋኖች ነበሩ፤ ውስጣቸው መርዝ እንደነበረ አውቅ ነበር፤ ወለተ ሰንበት ምንም አላደረገችም» ይበሉ። ርዝመቷ በቀብሩ ላይ ከተናገሯት ቃል ብዙም አይበልጥም። እትዬ ወለተ ሰንበት የሚያምኑት ከሰጪው አፍ ሲሰሙ ብቻ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ እንዲሉን አንጠይቅም፤ እኛም ከእሳቸው ይቅርታ ገና አልጠየቅንምና በዚህ ጉዳይ አንበልጥዎትም።

የቀረውን ሥራ እኛ እንሠራዋለን፤ ክቡር እጅዎን አናቆሽሽም። ፈንታ የጉድጓዱን ቦታ አልረሳውም፤ ከምንጭ የራቀ፣ ከሰው ቁመት ያለፈ፣ በእርስዎ ትእዛዝ የተቆፈረ፣ አሁንም ባዶውን የተደፈነ ጉድጓድ ነው። እንደገና እንከፍተዋለን። እጃችንን በጨርቅ ጠቅልለን፣ አፋችንን አስረን የሸለቆውን ዕቃ ሁሉ አውጥተን እዚያ እናስገባዋለን፤ ከብት እንዳይጭረው ድንጋይ እንከምርበታለን፤ እሳት ማንም እንዳያስጠጋው እኔ ራሴ ቤት ለቤት ዞሬ እለምናለሁ። ጋኖቹን ግን በመጀመሪያ ወደ ደጅዎ እናመጣቸዋለን፤ የተቀበልነው በክብር ነውና ሳናስረክብ መቅበር ነውር ነው። ከበሮም ይኖራል። እልልታውን ብቻ ይማሩን።

ኅዳር ሚካኤልን በተራ ማስተናገድ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ተራዬን ለእትዬ ወለተ ሰንበት ሰጥቻለሁ። እሳቸው ከቆዩልን በቤታቸው፣ በሸክላ ጋናቸው ጠላ ይጠምቃሉ፤ ጽዋውን መጀመሪያ ከእጃቸው ተቀብዬ የምጠጣው እኔ ነኝ፤ ማንም ባይመጣ ደግሞ የሁላችሁንም ድርሻ ተቀምጬ እጠጣዋለሁ። ለክቡርነትዎም ቦታ ተይዟል። ለዚህ ደብዳቤ ወህኒ ቤት ሌላ ቦታ እንደሚያዝልኝ ስለማውቅ ጥሩነሽ ጋቢዬን አጥባ አስቀምጣልኛለች፤ ጋቢው አሁንም ፊቴን ለመሸፈን ያጥራል፣ ለብርዱ ግን ይበቃል።

እንግዲህ ረጅም ዕድሜ፣ ጤና፣ ሹመት በሹመት ላይ እንዲጨመርልዎት፣ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ብድግ እንዲልልዎት፣ ምንጭዎ ንጹሕ፣ በሬዎ ጤነኛ፣ ልቅሶ ቤት የሚልኩት ንፍሮ የሚበላ እንዲሆንልዎት ከልብ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እጅ እነሣለሁ።

የስጦታዎ ተቀባይ፣
ደምለው
የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ያፈረ

ማስታወሻ፦ ስለ ለጋስነትዎ እመለስበታለሁ ብዬ ነበርና እነሆ። በዚህ ሰፈር የብርጭቆ ጋን ያልገባበት አንድ የእርስዎ ቤት ብቻ ነው፤ ወይዘሮ ዘሪቱ ዛሬም የሚጠምቁት በሸክላ ነው። ጋኖቹ ሲራገፉ ወይዘሮ ዘሪቱ ከሁሉ የሚያምረውን መርጠው አቅፈው ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ፣ ክቡርነትዎ ከበቅሎዎ ወርደው ከእጃቸው ቀምተው «ይህ ከቤቴ እንዳይገባ!» ብለው ሲቆጡ ሁላችንም ቆመን አይተናል። ያን ጋን ወዲያው ዘወር ብለው የሰጡት ለእትዬ ወለተ ሰንበት ነው። እኛም ለራሱ የማያስቀር ሹም አገኘን ብለን እጅ ነሣን።